ማኅተም በኪሱ የያዘው ሰው

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ላሳድስ እዚህ ድሬ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ልጅቷ የማኅተሙን ቀለም ቆርቆሮ ስትከፍት ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ እጄም ሳላዝዘው ወደ ኪሴ ሸሸ። «አባ ዩሱፍ፣ ጣትህን ስጠኝ እንጂ፣ አልበላውም» አለችኝ። ወረፋ ላይ የነበሩት ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ እጄን ግን ከኪሴ ለማውጣት ጊዜ ወሰደብኝ። ሰማንያ ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ሰው ነኝ። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ቤት ይዞ ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ፣ ጥይት በጆሮዬ ሥር አልፏል፤ እነዚያን እንደ ማንም ሰው ፈርቼ እንደ ማንም ሰው ረስቻቸዋለሁ። የማኅተም ቀለም ሽታ ግን አልተወኝም። ከቀበሌ ወጥቼ ከዚራ ሰፈር አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩና ማኅተም በኪሱ ይዞ የሚዞረው ያ አጭር ጃፓናዊ ትዝ አለኝ። ስለ እሱ ለልጆቼ በጥቂት በጥቂቱ ነግሬአቸዋለሁ። ሙሉውን ግን ተናግሬ አላውቅም፤ ሙሉው ውስጥ የኔ ጥፋት አለበት።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፣ እኔ ዓመት የማስታውሰው በልብስና በዋጋ ነው። የቴትሮን ሱሪ አዲስ የወጣበት፣ ናይሎን ሸሚዝ ለብሶ የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው ሙሽራ የሚመስልበት ጊዜ ነበር። ጋሪ ከመጋላ ሰፈር ከዚራ በአሥር ሳንቲም ያደርስሃል፤ ባለጋሪው አባትህን ካወቀ ደግሞ ውረድ ብሎ ሳንቲሙን መልሶ ይሰጥሃል። ስሙኒ፣ ማለት ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ይዘህ ቀፊራ ገበያ ብትወጣ ሳምቡሳህን በልተህ፣ ሻይ በወተት ጠጥተህ፣ ለቤት ሐልዋ በወረቀት ጠቅልለህ ትመለሳለህ። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ራዲዮ ነበራት፣ ከጅቡቲ የሚመጣ የሶማሊኛ ዘፈን ሲጀምር ባቡር የሚጠብቀው ሁሉ ጣቱን ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳል። ዛሬ ቀፊራ የምሄደው በባጃጅ ነው፤ ስሙኒ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የባጃጅ ሾፌር አላገኘሁም። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። የድሬ ሰው ያኔም ዛሬም ማንንም አንቱ አይልም። ዳኛውም አንተ ነው፣ ሐኪሙም አንተ ነው፣ ሼኩም አንተ ነው። ከወደደህ ይጮህብሃል፣ ከተቆጣብህ ይሰድብሃል፣ ከዚያ ጫት ይዞ አብሮህ በርጫ ይቀመጣል። ዝም ያለህን ሰው ግን ፍራው፤ ዝም ያለህ ሰው ሊያጠፋህ እያሰበ ነው። እኔ በዚህ አድጌ ነው ጃፓን የሄድኩት።

የሄድኩበት ምክንያት ይህ ነው። ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጠጋኝ ረዳት ነበርኩ። ፋብሪካው ከጃፓን አዲስ የሽመና ማሽን አዘዘና ሁለት ሰው ሄዶ ይማር ተባለ። አንዱ ተስፋዬ ነው፤ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ ጸጉሩን በቅባት የሚያስተኛ። ሁለተኛው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግኩ በኋላ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ከስሜ አልፎ ብዙም አልጽፍም ነበር። ግን ማሽን ሲታመም በጆሮዬ አውቃለሁ፤ ሳላየው የቱ ጋ እንደላላ እናገራለሁ። ለዚህ ነው የመረጡኝ። ሆዮ፣ ማለት እናቴ፣ እኛ ሶማሌዎች እናትን እንዲህ ነው የምንለው፣ ቀፊራ ቅመም ትሸጥ ነበር። ስሄድ አላለቀሰችም። ቅመም የሸተተ እጇን ፊቴ ላይ አድርጋ፣ የፈለጉትን ያሠሩህ፣ ጣትህን ግን ወረቀት ላይ አታሳርፍ አለችኝ። አባቴ ከድሬ ወጣ ብሎ ዋሂል መሬት ነበረው። አንድ ቀን ኮት የለበሰ ሰው ወረቀት ይዞ መጣ፣ አባቴ ጣቱን አሳረፈ፣ ሰውዬው ማኅተም መታበት፣ መሬቱም ሄደ። ወረቀቱ ምን እንደሚል አባቴ እስኪሞት ድረስ አላወቀም። እንግዲህ ማኅተም ለኛ ቤት ይህ ነው።

ጃፓን ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሁሉ ጎንበስ ሲል ነው። በር የሚከፍተው ጎንበስ፣ ሻይ የምታመጣው ጎንበስ። ለኔ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በሳምንቱ ሳጤን ጎንበስ የሚሉት በልክ ነው፤ ለአንዱ ትንሽ፣ ለአንዱ ብዙ፣ ለአለቃው እስከ ወገብ። ለኔ ደግሞ የማሽኑን ዘይት ለሚጠርገው ሽማግሌ ከሚሉት ያነሰ ነው። ናቁኝ አልኩ። አንተ ብቻ የሚባልበት አገር ያደገ ሰው በጎንበስ ልክ ሲመዘን ይፈራል፤ የቱ ጋ እንደቆምክ አታውቅም። የፋብሪካው ማደሪያ ጫማ አውልቀህ ነው የምትገባው፤ ይህን ወደድኩት፣ እንደ መስጊድ ነው። መሬት ላይ መቀመጡንም ወደድኩት። መታጠቢያው ግን ሃያ ወንድ ራቁቱን አንድ ገንዳ ውስጥ የሚገባበት ነው፤ እኔ አሥር ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በባልዲ ነው የታጠብኩት። አንድ ቀን ደግሞ ምሳ ላይ ሳለን ቤቱ ተነቃነቀ። መሬቱ እንደ ጋሪ ሲሄድ ተሰማኝ። እኔ ልሞት ነው ብዬ ሻሃዳ እየቀራሁ በባዶ እግሬ ውጭ ወጣሁ። ስመለስ ሁሉም ተቀምጠው ሩዛቸውን ይበላሉ፣ ማንም አልሳቀብኝም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። የድሬ ሰው ቢሆን ዓመት ሙሉ ይቀልድብኝ ነበር፣ እኔም አርፍ ነበር።

ያስተማረን ሰው ሞሪ ይባላል። አጭር፣ ደረቅ፣ ጆሮው ትልቅ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ። አይናገርም። ማሽኑን ይፈታል፣ አንተ ታያለህ፤ ይገጥማል፣ አንተ ታያለህ፤ ከዚያ ይፈታውና ትቶልህ ይሄዳል። ስታበላሽ ቆሞ ያይሃል። አይጮህም። እናቴን ሰድቦ መፍቻ ቢወረውርብኝ ሰው ነው ባልኩ ነበር። በዚህ ላይ አንድ ደብተር ሰጠን። ሁልጊዜ ሥራ ሲያበቃ ሁሉም ጠጋኝ የዚያን ቀን ያጠፋውን እዚያ ላይ ይጽፋል፣ ሞሪ ያያል፣ ከዚያ ከኪሱ የጣት ያህል እንጨት አውጥቶ ቀይ ቀለም አስነክቶ ገጹ ላይ ይመታል። ማኅተም ነው። ከኪሱ ማኅተም አወጣ ስላችሁ ልቤ ምን እንደሆነ እናንተ አታውቁትም። ማኅተም በኛ አገር ያለው መሥሪያ ቤት ነው፣ ጠረጴዛ ውስጥ ይቆለፍበታል፤ በኪሱ የሚይዘው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ለተስፋዬ፣ ይኼ ሰው አስተማሪ አይደለም፣ የመንግሥት ሰው ነው አልኩት። ተስፋዬም በልቡ ሳይፈራ አልቀረም፤ እንግሊዝኛ ያውቃል እንጂ ጃፓንን ከኔ የበለጠ አያውቅም።

ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ጻፍኩ፤ ጥፋት የለም። በደንብ አድርጌ የጻፍኩት የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። ማሽን ሰብሬ ጥፋት የለም፣ ድሩን በጥሼ ጥፋት የለም። ሞሪ አማርኛ ባያውቅም የነዚያን የሁለት ቃላት መልክ ለየው። አንድ ቀን ማኅተሙን ሳይመታ ደብተሩን ዘጋና ለተስፋዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገረው። ተስፋዬ ወደኔ ዞረ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጥፋት የሌለበትን ሰው ምን ብዬ አስተምረዋለሁ፣ ነው የሚልህ።»

መመለሴ ነው አልኩ። ሠርግ እንደተደረገለት ሰው ከበሮ ተመቶልኝ ነው ከድሬ የወጣሁት። በሳምንቱ ደግሞ ምግቤን ለዩብኝ። ሌላው ሰው አንድ ዓይነት ሲበላ ወጥ ቤቷ ለኔ ብቻ ሁለት እንቁላልና ዓሣ በተለየ ሰሐን ታመጣለች። እስረኛ ነው ሰሐኑ የሚለይ አልኩና ሦስት ቀን በሩን በሩን እያየሁ በላሁት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ተስፋዬ ያወቀው፤ አሳማ እንዳልበላ ሞሪ ራሱ ወጥ ቤት ሄዶ፣ አሳማ ሥሎ፣ በላዩ መስመር አስምሮ ሰጥቷት ነው። ለኔ አንድ ቃል አልነገረኝም። ለምን አይነግረኝም? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። ቢነግረኝ ሦስት ቀን አልፈራም ነበር።

ፍርሃቴን የሰበረችው ወጥ ቤቷ ናት። አንድ ጠዋት ፖስተኛ ዕቃ ይዞ መጣ። ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ከሽርጧ ኪስ ያንን የመሰለ እንጨት አውጥታ፣ እፍ ብላበት ወረቀቱ ላይ ደቅ አደረገችው። ሽንኩርት የምትልጥ ሴት! ተስፋዬን ጎትቼ አሳየሁት፣ ጠይቆ መጣ። እዚህ አገር ሁሉም ሰው የራሱ ማኅተም አለው፣ ስሙ ነው፣ እንደ ጣትህ ቁጠረው አለኝ። ያን ቀን ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሞሪ የመንግሥት ሰው አይደለም፤ ማኅተሙ እኔ አይቼዋለሁ ማለቱ ብቻ ነው። በዚያው ቀን ዘይት ውስጥ ብሎን መጣሌን ጻፍኩ፤ ጻፍኩ አይባልም፣ ሣልኩ። ብሎኑን፣ ዘይቱን፣ የኔን እጅ። ሞሪ ሥዕሉን አይቶ ማኅተሙን መታ፣ በማግሥቱ ብሎን ሳይወድቅ እንዴት እንደሚያዝ አሳየኝ። በቃ፣ ይኼው ነው። የሚያሥር የለም፣ የሚቀጣ የለም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሣልኩ። በአሥረኛው ወር ማሽኑን ዓይኔን ጨፍኜ እፈታ ነበር። ተስፋዬ ዘጠኝ ወር ነው ይላል፤ አሥር ነው፣ ጨረቃዋን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ስመለስ ጃፓን የምትባል አገር ፍርሃት የሌለባት መስላ ታየችኝ፤ ይህም ሌላው ስህተቴ ነው።

ማሽኖቹ ከጅቡቲ በባቡር መጡ፤ ከኋላቸው ሞሪ መጣ፣ ለመትከልም ለማሠራትም አንድ ዓመት ሊቀመጥ። የድሬ ሙቀት ያንን ደረቅ ሰው የበለጠ አደረቀው። ከአማርኛ እሺ የምትለዋን ብቻ ያዘ። ደብተሩንም ይዞ መጥቷል። አምስት ጠጋኞች ነበርን፣ አራቱ በየቀኑ ጥፋት የለም ይጽፋሉ፣ እኔ ብቻ እሥላለሁ። ይስቁብኛል። ሸማኔዎቹም ይስቁብኛል፤ ከሁሉ የምትብሰው ፋጡማ ናት። የመጋላ ልጅ ናት፣ ማሽን ቁጥር አሥራ አንድ ላይ የምትሠራ፣ ሻሿን ወደ ኋላ የምታስር፣ ምላሷ ከማሽኑ የሚፈጥን። ሳልፍ «ወርያ ጃፓን፣ ጎንበስ ሳትል አለፍክ፣ ንቀኸኝ ነው?» ትለኛለች፤ ወርያ በሶማሊኛ አንተ ሰው ማለት ነው። ጎንበስ ስል ደግሞ ለሴቶቹ፣ አያችሁ፣ ወገቡን ሰብረው ነው የላኩት ትላለች። ሥራ አስኪያጁ ብቻ አይስቅም። ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የመጣ ነው፣ አንቱ ካልተባለ አይሰማም። ሲያልፍ ሁላችንም እንጨት እንሆናለን፤ ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ማለት ፖሊስ የሚጠራ ሰው ነው።

ጥፋቴን አሁን ልናገር። መወርወሪያ የሚባል ነገር አለ፤ ማጉን ይዞ በድሩ መሃል ከግራ ቀኝ የሚበር፣ ሁለቱ ጫፉ ብረት የሆነ እንጨት ነው። ከመስመሩ ከወጣ እንደ ጥይት ነው። እንዳይወጣ ፊት ለፊቱ መከላከያ ብረት አለው። አንድ ቀን ከምሳ በፊት የቁጥር አሥራ አንድን መከላከያ አውጥቼ ውስጡን ሳስተካክል የፋብሪካው ፊሽካ ጮኸ። ድሬን የሚያውቅ ያውቃል፣ የምሳ ፊሽካ ሲጮህ በከተማው ውስጥ የሚቆም እግር የለም፤ ምሳ አለ፣ ከምሳ በኋላ ጥላ አለ፣ ጫት አለ። ጃፓን ቢሆን ብረቱን ሳልመልስ አልንቀሳቀስም። የድሬ እግሬ ግን ፊሽካውን ሰማ። ብረቱን ማሽኑ ሥር አስቀመጥኩትና ስመለስ እገጥመዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ዘገየሁ፤ ወሬ ይዞኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። በሩ ላይ ስደርስ ጩኸት ሰማሁ። ፋጡማ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ሁለት እጇን ግራ ዓይኗ ላይ አድርጋለች፣ በጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል። ብረቱ አለመኖሩን ሳታይ ማሽኑን አስነስታው ኖሯል፤ መወርወሪያው ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ሥር ወድቋል። ማንም ወደኔ አላየም። እኔ ማሽኑ ሥር ያለውን ብረት አየሁት፣ ከዚያም በእግሬ ወደ ውስጥ ገፋሁት። አዎ፣ ገፋሁት።

ሥራ አስኪያጁ በማግሥቱ ሰበሰበን። ሴቶቹ ሥራ ለማፍጠን መከላከያውን ራሳቸው ያወጣሉ፣ ይችም አውጥታው ነው፣ ከሆስፒታል ስትወጣ ሥራ የላትም አለ። ሞሪ አምስታችንንም አሰለፈንና አንድ በአንድ ዓይናችንን አየ። ሁላችንም ዝም። እኔም ዝም። ሦስት ቀን እንደ ሌባ ኖርኩ። ከጀርባዬ እግር በሰማሁ ቁጥር የፋጡማ ወንድሞች መጡ እላለሁ፤ የፖሊስ ጫማ ባየሁ ቁጥር ለኔ ነው እላለሁ። ሆዮ ቅመሟን እያበጠረች ታየኛለች፣ አትጠይቀኝም። ተስፋዬ ግን አወቀ። ከባቡር ጣቢያው አጥር አጠገብ አቆመኝ።

«አቦ፣ ዝም በል። ጽፌ እገላገላለሁ ብለህ ይሆናል። ያ ጃፓን ነው። እዚህ ወረቀቱ ይናገራል፣ አንተ ዝም ትላለህ።»

እውነቱን ነው። በሦስተኛው ቀን ለራሷ ልነግራት ሆስፒታል ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ እግሬ ተተከለ። ግማሽ ፊቷ በነጭ ጨርቅ ታስሯል፣ እናቷ እግሯ ሥር ተቀምጣለች። ሐኪሙ ዓይኗ እንደማይመለስ ነግሯቸዋል። ፋጡማ አላየችኝም፣ ለእናቷ ነው የምታወራው።

«ዓይኔን ማሽኑ ወሰደው፣ ሥራዬን እነሱ ወሰዱት። ይሁን። አሁን ደግሞ ውሸታም አሉኝ። እኔን የሚያቃጥለኝ ሦስተኛው ነው።»

ሳልገባ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያበቃ ሞሪ እንደ ሁልጊዜው ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ከፈተው። አራቱ ጥፋት የለም ጽፈው ወጡ። እኔ እርሳሱን ያዝኩ፣ መስመሩ እንደ ደቻቱ ይጠማዘዛል። ማሽኑን ሣልኩ። ቁጥር አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩበት። ብረቱን መሬት ላይ ሣልኩ። ከበሩ የሚወጣ ሰው ሣልኩ፣ ቆቤን አደረግኩለት። ከሥሩ፣ እኔ ነኝ፣ ዩሱፍ፣ ብዬ ጻፍኩ። ሞሪ ለረጅም ጊዜ አየው። ማኅተሙን አወጣ፣ እፍ አለበት፣ መታ። «እሺ» አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ደብተሩ ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ ነበር። ሰርቀው ወሰዱት የሚል አለ፤ እኔ ሞሪ ራሱ ወስዶ ሰጠው ነው የምለው። ፋጡማን ነጻ ሊያወጣ ነው፤ በሱ አገር ይህን ማድረግ ማንንም አይጎዳም። ሥራ አስኪያጁ ሥዕሉን አይቶ ሳይሆን ቀዩን ማኅተም አይቶ ፖሊስ ጠራ። ጣቢያው ውስጥ አንድ ሻምበል ደብተሩን ከፍ አድርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። የየትኛው መሥሪያ ቤት ማኅተም ነው አለኝ። የሞሪ ነው፣ የራሱ ነው አልኩት። እየሳቀ አየኝ።

«የራሱ ማኅተም ያለው ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነው። ማኅተም አርፎበታል፣ ማስረጃ ነው።»

ጣቴንም በቀለሙ ነክረው ወረቀት ላይ አሳረፉት። ያ ሽታ ያን ጊዜ ነው አፍንጫዬ ውስጥ የገባው። አባቴ ጣቱን ባሳረፈበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰርኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሞሪ ይመጣል። እኩለ ቀን ላይ፣ ውሻ እንኳ ጥላ ሲፈልግ፣ ከተማው ሁሉ ቤቱ ሲገባ፣ እሱ ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞ ፀሐይ ላይ ይቆማል። አንድ ሰዓት ሙሉ። ፖሊሶቹ ጥላ ሥር ና ይሉታል፣ እሺ ይላል፣ አይንቀሳቀስም። እኔ በፍርግርጉ አየዋለሁ፣ ያየኛል፣ ምንም አይልም። ማኅተሙ እንደያዘኝ ሊያረጋግጥ ነው የሚመጣው አልኩ። ናቂ ነው፣ በረዶ ነው አልኩ። እንቁላሉን፣ ብሎኑን፣ ሁሉንም ረሳሁና ረገምኩት። አሥር ወር የተማርኩት ሁሉ ወጥመድ መሰለኝ።

በአሥረኛው ቀን ገደማ ሆዮ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ሰውዬውን ቆሞ አየችው። ቀፊራ ሠላሳ ዓመት የሸጠች ሴት ናት፤ ሰው ሊገዛ እንደመጣ ወይ ሊሰርቅ እንደመጣ ከአቋቋሙ ታውቃለች። ሳህኑን በፍርግርጉ አቀበለችኝና ወደሱ ደጋግማ ዞራ አየች።

«ያ እንግዳህ ይፈራል» አለችኝ በሶማሊኛ። «ካንተ ይብሳል። ጉልበቱን አየህ? ከመቆሙ ብዛት አይደለም የሚንቀጠቀጠው።»

ከዚያ ሄዳ ውሃ ሰጠችው። ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ለአለቃው ጎንበስ ከሚለው በላይ ጎንበስ አለላት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አንድ ዓመት ከምናምን ያየሁት ዝምታ ንቀት አልነበረም። የድሬ ሰው ሲፈራ ይጮሃል፣ እሱ ሲፈራ ዝም ይላል። ለካ ያ ሁሉ ዝምታ ፍርሃት ነበር፤ እንዳላበላሽ፣ እንዳልታመም፣ አሁን ደግሞ በሱ ማኅተም የገባሁበት እስር እንዳያጠፋኝ። ምን ያህሉ ልክ ነው አላውቅም፣ ጠይቄው አላውቅም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኩለ ቀን ሲሆን ቆሜ እጠብቀው ነበር። እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ ሁለታችንም ዝም ብለን እንፈራለን።

የፋጡማ አጎትና የኛ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገሩን አበረዱት። ፋጡማ ራሷ አልከስም አለች፣ ተለቀቅኩ። ፋብሪካው እኔን አባረረ፣ እሷን መለሰ፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማን ውሸት ነው ይላል? በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሞሪ በሩ ላይ አልቆመም ነበር፣ ስወጣም የለም። ተስፋዬ እንደነገረኝ ጃፓን ላለው ድርጅቱ ደብዳቤ ጽፏል፤ ጥፋቱ የተማሪው ሳይሆን የአስተማሪው ነው ብሎ በራሱ ማኅተም አትሞበታል። ዓመቱ ሳይሞላ ጠርተውታል፣ ከሁለት ቀን በፊት በባቡር ሄዷል። አገሩ ሲገባ ምን አደረጉት? እዚያስ ማኅተሙ ምን አመጣበት? ይህን ስንት ዓመት ሙሉ አሰብኩት።

ቀፊራ ላይ የስፌት መኪና መጠገን ጀመርኩ። ፋጡማን ሸሸኋት። በመጋላ በኩል ማለፍ ትቼ በደቻቱ አሸዋ ዞሬ እሄድ ነበር። ወራት አለፉ። አንድ ቀን በአሥር ሰዓት ገደማ ፋብሪካው በር አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ፊት ለፊት ስደርስ ከውስጥ «ወርያ ዩሱፍ» የሚል ሰማሁ። ጃፓን አላለችኝም። ከሥራ ወጥታ ብቻዋን ተቀምጣለች። ገብቼ በግራዋ በኩል ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሻሿን ወደ ግራ አውርዳዋለች።

«ያንን ስትጽፍ ፈርተህ ነበር?» አለችኝ ወደፊት እያየች።

«ፈርቻለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

ሻይዋን በማንኪያ አማሰለች።

«እኔም ጠዋት ጠዋት አሥራ አንድን ሳስነሳ እፈራለሁ። ግን አስነሳዋለሁ።» ከዚያ ለባለሻይ ቤቱ አንድ ሻይ በወተት ጨምር አለችው። «በዚያ በኩል ለምን እንደተቀመጥክ አውቃለሁ። በዚያ በኩል አላይህም። ተነሣና በዚህ ዙር።»

ወንበሬን አንሥቼ ዞርኩ።